ስለ ውኃ ሂሳብ

ሰው ያለውን ሳይቈጥር ያወጣ እንደ ሆነ የሚጎድልበትን ቀን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። አባቶቻችን ይህን አሳምረው ስላወቁ እህሉን በቁና፣ ማሩን በገንቦ፣ ወርቁን በወቄት፣ ሸማውን በክንድ ሲሰፍሩ ኖረዋል፤ ወደ ጎተራ የገባውና ከጎተራ የወጣውም በጸሓፊ እጅ ይመዘገብ ነበር። ውኃን ግን ከሰማይ የሚወርድ፣ ከምድር የሚፈልቅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና ሳንሰፍር ጠጥተን፣ ሳንቈጥር አፍስሰን ኖረናል። ስጦታ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስጦታን የሚቈጥር ሰው ሰጪውን ይጠራጠራል አይባልም፤ የተሰጠውን አክብሮ ያዘ ይባላል እንጂ።

አገራችን ኢትዮጵያ የአፍሪካ የውኃ ማማ ተብላ መጠራቷን ሁላችንም ሰምተናል። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጣትም፤ ዓባይ፣ ባሮ፣ ተከዜና ኦሞ ከደጋዎቿ ይነሣሉና። ነገር ግን ይህ የክብር ስም ለብዙዎች የመኝታ ትራስ ሆኗል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት የተነገረው በከንቱ አይደለም፤ የውኃ አገር መባልና ውኃ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቀ ሰው የተናገረው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም፤ በአንድ ስፍራ ያለው ውኃ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት ነው የሚለው ጥያቄ በዓይን አይመለስም፤ የሚመለሰው በመስፈሪያ ነው፤ መስፈሪያውም እርጥቡን ደጋና ደረቁን ቆላ በአንድ መዝገብ አገናኝቶ የቈጠረ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር በሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ያለችው ቡሹሎ መልካም ምሳሌ ትሆነናለች። ቡሹሎ በሐዋሳ ሐይቅ አቅራቢያ የምትገኝ ቀበሌ ስትሆን፤ በሩቅ ያሉ ሰዎች ስሟን የሚያውቁት ይልቁንም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሚተዳደረው ጤና ጣቢያዋ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1680 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ነው፤ በጥልቁ ስፍራም ከ20 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚህ ዳርቻ ቆሞ የተመለከተ እንግዳ ከዚህ ሁሉ ውኃ ጥቂት ቢቀዳ ምን ይጎድለዋል ቢል አይፈረድበትም። ሹም የሆነ ሰው ግን እንደ እንግዳው በዓይኑ ገምቶ የውኃ ፈቃድ ቢፈርም ይፈረድበታል፤ የእርሱ ፊርማ ውኃውን ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ይሰጣልና።

እንግዲህ ሂሳቡን እንመልከት። አንድ ሚሊሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ኪሎሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሺህ ሜትር ኪዩብ ውኃ ይሆናል። በሐዋሳ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናም ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ስለ ሆነ፤ ሐይቁ ከራሱ ሰማይ በቀጥታ የሚቀበለው ውኃ በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይጠጋል። ፀሓይና ነፋስ ደግሞ ከሐይቁ ገጽ በትነት የሚወስዱት በዓመት 130 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ነው። እንግዲህ ሐይቁ በራሱ ዝናም ብቻ እንዲኖር ቢተው ኖሮ፤ በየዓመቱ ዕዳ የሚጨመርበት፤ እያደር የሚያንስ ባለዕዳ በሆነ ነበር። ከዚህ ዕዳ የሚያድነው ከምሥራቁ ከፍታ የሚወርደው ውኃ ነው፤ መጠኑም በዓመት ከ80 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ይሆናል። ስለዚህ በቡሹሎ ዳርቻ የሚታየው ውኃ የቡሹሎ ሰማይ ብቻ የሰጠው አይደለም፤ በወንዶ ገነትና በዙሪያው ባሉት ተራሮች ላይ የዘነበ ዝናም ነው።

የገባውንና በትነት የወጣውን ያመዛዘነ አንባቢ፤ በመዝገቡ ላይ በዓመት ከ50 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚበልጥ ውኃ ተርፎ ያገኛል። ሐይቁ ግን ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ታዲያ ይህ ትርፍ ወዴት ይሄዳል? ሊቃውንቱ ከምድር በታች በተሰነጣጠቀው ዓለት መካከል ሾልኮ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይሄዳል ይላሉ፤ በስተ ሰሜን ያለው የሻላ ሐይቅ ከሐዋሳ ሐይቅ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛልና ግምታቸው ወደዚያ ያመለክታል። ለዚህም ምስክር የሚሆነው የውኃው ጣዕም ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ወንዞች የሚያመጡለትን ጨው እያከማቸ፤ ትነቱም ንጹሑን ውኃ ብቻ እየወሰደ፤ በመጨረሻ ጨዋማ ይሆናል፤ ሻላና አብያታ እንዲህ ሆነዋል። የሐዋሳ ውኃ ግን ጣፋጭ ሆኖ የኖረው ጨውን ይዞ የሚወጣ ስውር በር ስላለው ነው። በዓይን የማይታየውን በር ያሳየን ሂሳብ ነው። ይህም ነገር ሌላ ማስጠንቀቂያ ያመጣል፤ በሐይቁ ውስጥ የሚጣል ቆሻሻ በሐይቁ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ የጎረቤትን ጕድጓድ ሊጎበኝ ይችላል።

የሐይቁ ዕዳ ከፋይ የሆነው የደጋው ውኃ እንዴት እንደሚመጣም ማወቅ ያስፈልጋል። ከምሥራቁ ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች አስቀድመው የሚሰበሰቡት ጨለለቃ በሚባለው ረግረግ ነው፤ ከዚያም ጥቁር ውኃ በሚባለው ወንዝ በኩል ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ ወደ ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው ወንዝ ይህ ብቻ ነው። ጨለለቃ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከ10 ካሬ ኪሎሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነበረ፤ ዛሬ ግን ደለል ሞልቶት ሣርና ጭቃ የሚበዛበት ረግረግ ሆኗል። ጨለለቃ እንደ ወንፊት ሆኖ ደለሉን ያስቀር ነበር፤ እንደ ጎተራም ሆኖ የክረምቱን ውኃ ለበጋ ያቈይ ነበር። አሁን ወንፊቱ ስለ ተደፈነ ደለሉ ወደ ዋናው ሐይቅ ያልፋል። በተራራው ላይ ዛፍ ሲቈረጥና ቁልቁለቱ ሲታረስ ዝናሙ ወደ ምድር ከመስረግ ይልቅ ጎርፍ ሆኖ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሐይቁ በአንድ ወቅት ከዳርቻው ይወጣል፤ ምንጮቹ ደግሞ በሌላው ወቅት ይከሳሉ። በ1991 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ሞልቶ ከተማይቱን ባስፈራ ጊዜ በዳርቻው የመከላከያ ግድብ መሠራቱ ይታወሳል። የውኃ መብዛትም እንደ ውኃ ማነስ ያልተቈጠረ ነገር የሚያመጣው ጉዳት ነው።

ከሐይቁ በስተ ደቡብ ብዙ ሳይርቅ በቦርቻና በሎካ አባያ ወረዳዎች ያለው ሕዝብ የውኃ ችግር ሲያስጨንቀው የኖረ ነው። በአርቤጎና ደጋ ጭጋግና ዝናም ሲበዛ፤ በሎካ አባያ ቆላ ከብቱ ውኃ ፍለጋ ይጓዛል። ይህ ሁሉ በአንድ ክልል ውስጥ ነው፤ ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ክልል ሆኖ ሲመሠረት፤ እርጥቡንም ደረቁንም ምድር በአንድ ቤት ተረክቧል። ጕድጓድ ቈፍሮ ማውጣትም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራ ዓለት ጋር ስለሚኖር፤ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር በብዙ ስፍራ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፤ በሸለቆው ከዚህ እጅግ የሚበልጥባቸው ጕድጓዶች ብዙ ናቸው። ይህን ውኃ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ የበዛ እንደ ሆነም አጥንቱ ይጎዳል። ስለዚህ ከጕድጓድ የወጣው ውኃ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ምን ዓይነት ነው ብሎም መጠየቅ ይገባል። የማይጠጣ ውኃ ለጠማው ሰው ከውኃ አይቈጠርም።

በቡሹሎ ያየነው ነገር በአገሪቱ ሁሉ በትልቁ ይታያል። ኢትዮጵያ በ12 ተፋሰሶች ተከፍላለች፤ ስምንቱ የወንዝ፤ አንዱ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፤ ሦስቱ ማለት የኦጋዴን፣ የዓይሻና የደንከል ተፋሰሶች የማይቋረጥ ፈሳሽ የሌላቸው ደረቅ ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱን በሚዛን እናስቀምጥ። የዓባይ ተፋሰስ በአገራችን ውስጥ ወደ 200 ሺህ ካሬ ኪሎሜትር ይሰፋል፤ የዋቢ ሸበሌ ተፋሰስም እንዲሁ ከ200 ሺህ ካሬ ኪሎሜትር ጥቂት ይበልጣል። በስፋት ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ዓባይ በዓመት ከ50 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ሲያፈስ፤ ዋቢ ሸበሌ የሚያፈሰው ከ3 ቢሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነው። የዓባይን ውኃ በተፋሰሱ ምድር ላይ እኩል ብናነጥፈው ከአንድ ስንዝር የሚበልጥ ጥልቀት ይኖረዋል፤ የዋቢ ሸበሌን ብናነጥፈው የአውራ ጣት ስፋት ያህል እንኳ አይሞላም። በካርታ ላይ እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት አገሮች በውኃ መዝገብ ላይ አንዱ ባለጸጋ ሌላው ድኻ ሆነው ተገኙ።

የዚህም ልዩነት ምክንያት የዝናሙ ማነስ ብቻ አይደለም። በኢሉባቦርና በከፋ ደን ዝናሙ ረጅም ወራት ይቈያል፤ አየሩም እርጥብ ስለ ሆነ ትነቱ ይቀንሳል። በቆላው ግን ዝናሙ ጥቂት፤ ፀሓዩ ብርቱ፤ ነፋሱ ደረቅ ስለ ሆነ፤ የወረደው ዝናም ወደ ወንዝ ሳይደርስ ተመልሶ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ በደረቅ አገር ያለ ወንዝ ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ልጅ ነው። ዋቢ ሸበሌ ከአርሲና ከባሌ ደጋዎች ተነሥቶ፤ በሶማሌ ክልል ሲያልፍ ምንም ሳይጨመርለት እየከሳ ይሄዳል። በደጋው ዝናም በበረታ ጊዜም፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት በቀላፎና በሙስታሒል ጎርፍ ሕዝቡን ሲያፈናቅል ታይቷል። ስለዚህ የቆላው ሹም የደጋውን ዝናም ካልሰማ፤ የውኃውን መምጣትም ሆነ መቅረት አያውቅም።

ቀጥሎም ስለ ወራት አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍላ ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ታከብራለች። ይህ ሥርዓት ለጎጃም፣ ለጎንደርና ለሸዋ ደጋ ዝናም የተስማማ ነው። ነገር ግን ከዚያ ተሹሞ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው፤ ክረምት በሁሉ ስፍራ በአንድ ቀን ይገባል ብሎ ቢያስብ ይሳሳታል። በሲዳማ ዝናሙ ከመጋቢት ጀምሮ እየመጣ እስከ መስከረምና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በቦረናና በሶማሌ ምድር ደግሞ ዋናው ዝናም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ነው፤ ሁለተኛውና አነስተኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይወርዳል፤ በእኛ ክረምት መካከል ማለት በሐምሌና በነሐሴ ግን ምድሩ ይደርቃል። እንግዲህ የመስኖ ሥራ፣ የኩሬ ቍፋሮ፣ የእርዳታ እህል ማጓጓዝ ሁሉ በአንድ የወር አቈጣጠር ለአገሩ ሁሉ ቢታዘዝ፤ ለአንዱ በጊዜው የደረሰው ለሌላው ያለ ጊዜው ይሆናል።

ከወራቱም በላይ የሚያታልለው አማካይ የሚባለው ቍጥር ነው። በእርጥብ አገር የዘንድሮ ዝናም ከአምናው ብዙ አይራራቅም፤ ስለዚህ አማካዩ የታመነ ምስክር ነው። በደረቅ አገር ግን አንዱ ዓመት እጥፍ ይሰጣል፤ ሌላው ዓመት ባዶ እጁን ይመጣል፤ ሁለቱ ተደምረው ቢካፈሉ መልካም የሚመስል ቍጥር ይወጣል፤ ከብቱ ግን በባዶው ዓመት አልቋል። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በቦረናና በአካባቢው አምስት ተከታታይ የዝናም ወቅቶች ሳይሰጡ ቀርተው የደረሰውን ጥፋት አገር ሁሉ ያስታውሰዋል። ዮሴፍ በግብፅ የሰባቱን ዓመት ጥጋብ የሰፈረው ለጥጋቡ ብሎ እንዳልሆነ ካህናቶቻችን ያስተምሩናል፤ የሰፈረው ቀጥለው ለሚመጡት ለሰባቱ የረኃብ ዓመታት ነው። በደረቅ ምድር የውኃ ሂሳብ መሠራት ያለበት በክፉው ዓመት ልክ ነው።

የቦረና ሰዎች ራሳቸው ይህን ሂሳብ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ኤላዎቻቸው ዘጠኝ ቦታዎች ላይ ይገኛሉ፤ ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው እየዘመሩ በእጅ በእጅ ውኃውን ያወጣሉ። በየኤላው አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው ተሹሞ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ በተራ ይወስናል። ውኃው በቀን የሚሰጠው ምን ያህል እንደ ሆነ፤ የሚጠጣውም መንጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ሳይታወቅ እንዲህ ያለ ተራ ሊደረግ አይችልም። የሲዳማ ሽማግሌዎችም የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው የፊቼ ጨምበላላን የዘመን መለወጫ ቀን ይለያሉ፤ ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ መግባቱ ይታወቃል። እንግዲህ መቍጠር ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቀረን ነገር ቢኖር የየአገሩን ቍጥር በአንድ መዝገብ ማገናኘቱ ነው።

ሳይቈጠሩ የቀሩ ሐይቆች ምን እንደ ሆኑ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐረርጌ ያለው የሐሮማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ ውኃ ሲያጠጣ የኖረ ነው፤ በዙሪያውም ገበሬዎች ለጫትና ለአትክልት በሞተር እየሳቡ ያጠጡበት ነበር። እያንዳንዱ የሚስበው ጥቂት መስሎት ሁሉም ሳበ፤ ደለሉም ሞላ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ፤ ሐረርም ውኃዋን ከሩቅ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ መታየቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን የተመለሰ ውኃ ሁለተኛ ዕድል ነውና ሦስተኛ ይኖራል ብሎ መተማመን አይገባም። ከሻላ ሐይቅ አጠገብ ያለው አብያታም ወደ እርሱ የሚፈሰው ውኃ በላይኛው በኩል ለመስኖ ሲወሰድበት፤ ከራሱም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳበት፤ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። በመተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሦስት ካሬ ኪሎሜትር የማይበልጥ የነበረው፤ ከ50 ዓመት በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎሜትር በላይ ሰፍቶ፤ መንገዱንና የሸንኮራ እርሻውን አስጨነቀ፤ ውኃውም ጨዋማ ነውና ለጠማው አልጠቀመም። አንዱ ሐይቅ ሲደርቅ ሌላው ሲያጥለቀልቅ የሁለቱም ጉዳት ሥሩ አንድ ነው፤ የገባውና የወጣው በጊዜው አልተመዘነም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይህ ነው።

ከዚህም ሌላ የሕዝቡ ቍጥር መጨመር ሂሳቡን በየቀኑ ይለውጠዋል። በአገራችን ወንዞች በዓመት የሚፈሰው ውኃ ወደ 122 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይገመታል። ይህ ቍጥር ሲነገር እጅግ ብዙ ይመስላል። ከ130 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ለሚገመተው ሕዝብ ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር ኪዩብ ያንሳል። የዓለም ሊቃውንት የአንድ ሰው ድርሻ ከአንድ ሺህ ሜትር ኪዩብ ያነሰ እንደ ሆነ ያን አገር ውኃ ያጠረው አገር ይሉታል። ይህም ቢሆን በእኩል የሚከፋፈል አይደለም፤ ከውኃው ከ100 እጅ 80 የሚበልጠው ያለው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ባሉት ተፋሰሶች ሲሆን፤ የሚበዛው ሕዝብ የሚኖረው በሌላው በኩል ነው። የውኃ ማማ ተብላ የተጠራችው አገር እንደ ውኃ ድኻ ተጠንቅቃ መኖር እንደሚያስፈልጋት ከዚህ ይታወቃል።

በሌላ አገር ያሉ ሰዎች በዚህ ነገር ቀድመውናል። በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ የዓባይ ሙላት የሚሰፈርበት የድንጋይ ዓምድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ861 ተሠርቶ፤ የውኃው ከፍታ በየዓመቱ እየተጻፈ ግብሩም በዚያ ልክ ይቈረጥ ነበር። ከእኛ ደጋ የወረደውን ዝናም በወንዙ ጫፍ ያሉት ሰዎች ከሺህ ዓመት በላይ ሲሰፍሩት፤ እኛ የምንጩ ባለቤቶች ሳንሰፍረው ኖርን። በኋላ ግን የመንግሥታችን ሠራተኞች ከአሜሪካ መንግሥት የመሬት ልማት ቢሮ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ዓባይን አጥንተው፤ በ1956 ዓ.ም. በወጣው መግለጫ የወንዙ መጠንና ለግድብ የሚሆኑት ስፍራዎች ታወቁ፤ ከእነዚህም አንዱ በድንበሩ አጠገብ ነበር። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ የሚይዘው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ የቆመው በዚያው አካባቢ ነው። ድንጋዩ ከመደርደሩ አስቀድሞ ቍጥሩ ተደርድሮ ነበር። ለታላቁ ወንዝ ያደረግነውን ለትናንሾቹም ልናደርግ ይገባናል፤ ለቡሹሎ ሰው ከዓባይ ይልቅ የሚቀርበው ጥቁር ውኃ ነውና።

ሕጉ በበኩሉ ሥራውን ሠርቷል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውኃ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፤ ለቤት አገልግሎት የሚውለው ውኃም ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንደሚቀድም ደንግጓል፤ ውኃን ለልዩ ልዩ ሥራ የሚወስድ ሰውም ፈቃድ እንዲያወጣ አዝዟል። ነገር ግን ፈቃድ ማለት ከታወቀ ጎተራ ላይ የሚቈረጥ ድርሻ ነው፤ የጎተራው ልክ ካልታወቀ ፈቃዱ የወረቀት ጌጥ ይሆናል። ሐዋሳ ከተማ በ1950ዎቹ ከተቈረቈረች ወዲህ በፍጥነት አድጋለች፤ ሆቴሎችዋና እርሻዎችዋ በዝተዋል፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርኳ የተጠቀመበትን ውኃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ መሠራቱ የሚመሰገን ነው። ይህ አሳብ የአንድ ስፍራ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፤ ለእያንዳንዱ ውኃ ሳቢ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ መሆን አለበት፤ ከየት ትወስዳለህ፤ ስንት ትወስዳለህ፤ ምን ትመልሳለህ?

እንግዲህ የሚደረገውን በአጭር እንናገር። ለሹማምንት አራት ነገር እናመለክታለን። አንደኛ፤ የሐይቁና የወንዞቹ ከፍታ በየቀኑ ይነበብ፤ መዝገቡም ሹም በተለወጠ ቍጥር አይቋረጥ፤ የአንድ ዓመት ቍጥር ወሬ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ቍጥር ግን ዳኛ ነውና። ሁለተኛ፤ የሚቈፈር ጕድጓድ ሁሉ ጥልቀቱ፣ የሚሰጠው ውኃ መጠንና የፍሎራይዱ ልክ ተመርምሮ ይጻፍ፤ ውጤቱም ለሚጠጣው ሕዝብ ይነገር። ሦስተኛ፤ ፈቃድ የሚሰጠው በመልካሙ ዓመት ልክ ሳይሆን በክፉው ዓመት ልክ ይሁን። አራተኛ፤ የደጋው ወረዳና የቆላው ወረዳ የውኃ ሂሳባቸውን በአንድ ጉባኤ ይተሳሰቡ፤ ጨለለቃን ለማዳን የሚወጣው ገንዘብ በላይኛው ተዳፋት ላይ እርከን ካልተሠራና ዛፍ ካልተተከለ ደለል ይበላዋል።

ለካህናትና ለሊቃውንትም የምንለው አለን። የዝናም መለኪያ ቀላል ዕቃ ነው፤ ጥበቡ ያለው በዕቃው ላይ ሳይሆን በየቀኑ በአንድ ሰዓት፤ ይኸውም ከጧቱ በ3 ሰዓት፤ ሳይታክት ማንበብና በእውነት መጻፍ ላይ ነው። ሰዓት የሚጠብቅ፤ ቍጥር የሚያውቅ፤ ሐሰት የማይጽፍ ሰው በየገጠሩ ቢፈለግ ከደብር አገልጋይ የሚቀድም ማን አለ? በእንግሊዝ አገር ሲሞንስ የሚባል ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860 የዝናም መዝገብ ማኅበር ባቋቋመ ጊዜ፤ ያለ ደመወዝ ዝናም እየሰፈሩ ከጻፉለት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ካህናት ነበሩ። የእኛም ሊቃውንት በድሜጥሮስ ስም የሚጠራውን ባሕረ ሐሳብ ይዘው፤ መጥቅዕንና አበቅቴን ሳያዛንፉ፤ በዓላትንና አጽዋማትን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያሰሉ ኖረዋል። ፀሓይንና ጨረቃን የቈጠረ ትምህርት ዝናምን መቍጠር አያቅተውም። ከዚህም በላይ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተጠበቀው ደን ዝናሙን ተቀብሎ ወደ ምድር እንደሚያሰርግ፤ በሥሩም ምንጭ እንደሚያቈይ ሁላችን እናያለን፤ ያን ጥበቃ ከቅጥሩ ውጭ ላለው ቁልቁለትም እንዲያስተምሩ እንለምናለን።

ይስሐቅ በጌራራ ጕድጓድ በቈፈረ ጊዜ እረኞች ውኃው የእኛ ነው ብለው እንደ ተጣሉት መጽሐፍ ይነግረናል። ያልተሰፈረ ውኃ ጠብ ይወልዳል፤ ሁሉም የራሱን ድርሻ በዓይኑ ይገምታልና። የተሰፈረ ውኃ ግን ጥቂት ቢሆን እንኳ በተራ ያጠጣል። ቡሹሎን በመሰለ በውኃ ዳር ያለ ሕዝብም ሆነ በቦረና ሜዳ ዝናም የሚጠብቅ ሕዝብ ከእኛ የሚፈልገው የምስጋና ቃልና የውኃ ማማ የሚል ስም አይደለም፤ የልጆቹ ውኃ ስንት እንደ ሆነ የሚያውቅና ያወቀውንም በታማኝነት የሚያካፍል ሹም ይፈልጋል። እግዚአብሔር ለዚህ ሥራ አስተዋይ ልብና የማይታክት እጅ ይስጠን።